ወደ ውስጥ የሚባል አዎ

ጡረታ ያስወጣኝ አንድ ያልሰማሁት «ያ» ነው።

ጆሮዬን የመረመረችኝ ወጣት ኖርዌጂያዊት ጠባብ ክፍል ውስጥ አስቀምጣ፣ ማዳመጫ አጥልቃልኝ፣ ድምፅ በሰማህ ቁጥር ይህቺን ቁልፍ ተጫን አለችኝ። መጀመሪያ ላይ በደንብ ስጫን ቆየሁ። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ምንም አልመጣም። ማሽኑ የተበላሸ መሰለኝና በመስታወቱ አሻግሬ ሳያት እሷ ሥራዋን እየሠራች ነው። ሲያልቅ ወጣሁና «እንግዲህ በድምፅ ሥራ መቀጠል አልችልም ማለት ነው?» ብዬ ጠየቅኋት። ዝም አለችኝ። ደግሜ ጠየቅኋት። አሁንም ዝም። የዚህ አገር ሰው እንዲህ ባለጌ አይደለም ብዬ ልጠይቃት አፌን ስከፍት፣ አብራኝ የመጣችው ልጄ ምሕረት ክንዴን ያዝ አደረገችና፣ «ፓፓ፣ ሁለቴ መለሰችልህ እኮ» አለችኝ።

ሴትዮዋ የመለሰችልኝ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጋ ነው። ኖርዌጂያውያን ብዙ ጊዜ «ያ» የሚሉት፣ ማለትም አዎ የሚሉት፣ እንደዚያ ነው። እኛም ያው ነን። አገር ቤት «ደህና አደርክ?» «መጣህ እንዴ?» ሲባል ስንቱ ነው አፉን ሳይከፍት ትንፋሹን ብቻ ስቦ እሺታውን የሚናገር! ያቺ ትንፋሽ ቀጭን ናት፤ ጆሮ ሲደክም መጀመሪያ ከሚጠፉት ድምፆች ጋር ትጠፋለች። የሥራ ባልደረቦቼ ጆሮዬ መድከሙን ካወቁ ቆይተው ኖሯል፤ ቤት ውስጥም ታውቋል። እኔ የሰማሁት ከሁሉም በኋላ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

ከዚያች ትንፋሽ ጋር የቆየ ጉዳይ ባይኖረኝ ኖሮ በሳቅ ባለፍኩት። የሥራ ዘመኔን እዚህ ፉሩሴት ሰፈር ያለው ቤቴ ቁጭ ብዬ ስጽፍም ስለ ሌላ ነገር የምጽፍ ይመስለኝ ነበር። ግን መለስ ቀለስ ብዬ የምደርሰው እሷው ላይ ነው፤ በትንፋሿና በመምህሬ በማቲልዴ ላይ።

ኩባ የሄድኩት በልጅነቴ ነው፤ አባቶቻችን ጦር ሜዳ የቀሩብን ልጆች በመርከብ በተላክንበት ዘመን። ትምህርት ቤታችን ባለባት ትንሽ ደሴት ላይ ግማሹን ቀን እንማራለን፣ ግማሹን ቀን ብርቱካን እንለቅማለን። ስሜ ታምራት ነው። ኩባዎች የመጨረሻዋን «ት» ማውጣት አልሆንላቸው ስላለ «ታምራ» ሲሉ ሲሉ «ታማራ» ላይ ረጉ። ታማራ ደግሞ እነሱ ዘንድ የሴት ስም ነው። መጀመሪያ ስንቱን ልጅ በቡጢ አናገርኩት፤ በኋላ ሰለቸኝና ተውኩት። ዛሬ ድረስ ስፓኒሽ ተናጋሪ ወዳጆቼ የሚያውቁኝ በዚሁ ስም ነው።

የደሴቲቱን ትምህርት ጨርሼ ሃቫና ኤሌክትሮኒክስ ስማር፣ ለልምምድ የተመደብኩት አንድ አሮጌ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ወዳለች ስቱዲዮ ነበር። እዚያ የምትሠራው አቀናባሪ ማቲልዴ ትባላለች። በአማርኛ ሳስባት አንቱ ልላት ይገባኝ ነበር፤ መምህሬ ናት፣ በዕድሜም ትበልጠኛለች። ነገር ግን በስፓኒሽ የመጀመሪያ ቀን «እርስዎ» ስላት «እርስዎ የሚባሉት ሴትዮ መቼ ገቡ?» ብላ በር በሩን አየች። ስለዚህ እዚህም እሷ እላታለሁ።

ሙዚቃዋ ተጫዋች የለውም። የበር ሲጥ ማለት፣ የአውቶቡስ ፍሬን፣ የሰው ሳል፣ የውሃ ቧንቧ ትቀዳና፣ ያን በቴፕ ክር ላይ ያረፈ ድምፅ ትቆርጠዋለች፣ ትቀጥለዋለች፣ ገልብጣ ታስኬደዋለች፣ ታዘገየዋለች። መድረክ ላይ የሚወጣው ድምፅ ማጉያ ብቻ ነው። መጀመሪያ ያሰማችኝን ሳዳምጥ ፊቴን አይታ «ምን ይመስላል?» አለችኝ። ደፋር ወጣት ነበርኩና «ወፍጮ ቤት» አልኳት።

«አገርህ ወፍጮ ቤት አለ?»

«በየሰፈሩ።»

«እንዴት ነው የሚጮኸው? በአፍህ አሰማኝ።»

በአፌ ወፍጮ ሆንኩላት። ሞተሩን፣ የቀበቶውን ጥፊ፣ እህሉ ሲያልቅ ድንጋዩ የሚያሰማውን ፉጨት ሁሉ። መነጽሯን አወለቀች። በኋላ እንደተረዳሁት ማቲልዴ ሙያ ያለው ነገር ስትሰማ «ጥሩ ነው» አትልም፤ መነጽሯን ታወልቃለች። ደስ ሲላት ማየት እንደሚበዛባት ነበር የምትናገረው። ልምምዱ አብቅቶም ከእሷ ጋር ቀረሁ።

ብዙ ጠባይ ነበራት። ከባድ ድምፅ ስታዳምጥ ጫማዋን አውልቃ በባዶ እግሯ ወለሉ ላይ ትቆማለች፤ ጥልቁን ድምፅ ጆሮ ሳይሆን ተረከዝ ነው የሚሰማው ትላለች። አዲስ ክፍል ስትገባ ከሰው በፊት ክፍሉን ትቀዳለች። ማንም ሳይናገር፣ ማንም ሳይንቀሳቀስ፣ ባዶውን ክፍል። «ሰው ቤቱ ሲገባ ሰላም ይላል፤ እኔ መጀመሪያ ቤቱን ሰላም ማለት አለብኝ» ትለኝ ነበር። እኔም እስከ መጨረሻው ቀን ይህ ልማድ አልለቀቀኝም።

ከሁሉ በላይ ግን ዝምታን በክንድ ትለካ ነበር። አባቷ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ጨርቅ በክንድ ሲለኩ እያየች ነው ያደገችው። የዚያ ዘመን መቅጃ በአንድ ሰከንድ የሚያሳልፈው ክር ከእሷ ክርን እስከ ጣቶቿ መነሻ ድረስ ይሆናል። አጭር ሴት ነበረች። ስለዚህ ሰከንድ የሚባል ነገር አታውቅም። «ታማራ፣ እዚህ ላይ ሁለት ክንድ ዝምታ ስጠኝ» ትላለች፤ ባዶ ክር ክንዴ ላይ ለክቼ፣ በምላጭ ሰያፍ ቆርጬ፣ በማጣበቂያ እቀጥልላታለሁ። የእኔ ክንድ ረጅም ስለሆነ ዝምታው በዛ ብላ ስንት ጊዜ አስቆርጣኛለች። ከምትመክረኝ ሁሉ ደጋግማ የምትለኝ ይህን ነበር፦ «ድምፁ ካለቀ በኋላ መቅጃውን አታጥፋ። ሁለት ክንድ ጠብቅ። ሰውም ሆነ ዕቃ ዋናውን ነገር የሚናገረው ያለቀለት ሲመስልህ ነው።»

አገሬ ተመልሼ አንድ የሬዲዮ ጣቢያ ስቀጠር ይህ ምክር ጉድ ሠራኝ። አለቃዬ ጋሽ ወርቁ የሚባሉ፣ ክራቫታቸውን ለአፍታ የማያላሉ ሰው ነበሩ። የመጀመሪያውን ቃለ መጠይቅ ቆራርጬ ሳቀርብላቸው ሰምተው ሲያበቁ አዩኝ።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ሰውዬ አስም አለበት?»

«የለበትም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ምን ያስተነፍሰዋል? ሬዲዮ ውስጥ ሰው አይተነፍስም!»

ምላጭ ሰጡኝና ትንፋሽ ማውጣት አስተማሩኝ። ተናጋሪው ትንፋሽ የሳበበትን ቦታ ክሩን በእጅ ወዲያና ወዲህ እያመላለስኩ አገኘዋለሁ፣ እቆርጠዋለሁ፣ ጫፍና ጫፉን አጣብቃለሁ። ማታ ማታ ወለሉን ስጠርግ መጥረጊያዬ ላይ የሚጠመጠመው ቁርጥራጭ ክር ሁሉ የሰው ትንፋሽ ነበር። ስንት የሚኒስትር ትንፋሽ ጠርጌ ጥያለሁ! ጋሽ ወርቁ ግን ክፉ ሰው አልነበሩም። እጄ የተፈታው እሳቸው ዘንድ ነው፤ እጅግ ፈጣን ሆንኩ። ደሞዙ ቤት ኪራይና ሽሮ ችሎ ነበር፤ ከዚያ በላይ አላማርርም።

ኖርዌይ የመጣሁት አገር ሲለዋወጥ፣ ብዙ ሰው በሄደበት መንገድ ነው። መጀመሪያ ቢሮ አጸዳሁ። ከዚያ ቋንቋው ሲገባኝ አንድ የሙዚቃ አዳራሽ በድምፅ ባለሙያነት ተቀጠርኩ። አለቃዬ ቶሪል የምትባል፣ ሳትቆጣ የምታሠራ፣ ቡና ሳይጠጣ የሚናገራትን ሰው የማትሰማ ሴት ነበረች። ልጄ ምሕረት እዚሁ ተወለደች፤ አማርኛዋ ደህና ነው፣ ግን ነገር ሲከብዳት ወደ ኖርስክ፣ ወደ አገሩ ቋንቋ፣ ትሸሻለች።

አዳራሹ ውስጥ ጥቂት ዓመት እንደሠራሁ ቶሪል አንድ እንግዳ አቀናባሪ ከኩባ ይመጣል ብላ ማጉያዎቹን በክብ እንዳዘጋጅ አዘዘችኝ። መሰላል ላይ ሆኜ ገመድ ሳስር ከበታቼ አንድ ሰው በባዶ እግሩ ሲሄድ ሰማሁ። ያኔ እሰማ ነበር። ዞር ስል ጸጉሯ ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኖ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ ቆማለች።

«ታማራ!» አለች፤ አዳራሹ ሁሉ ዞሮ ታማራ የምትባለዋን ሴት ፈለገ።

ለጥቂት ወራት የመጣች ሴት ሥራ ሥራን እየጎተተ ቀረች። ሊንደበርግ ትንሽ ቤት ተከራየች፤ ከእኔ ቤት ሩቅ አልነበረም። ቤተሰቧ ሃቫና ያለችው እህቷ ካሪዳድ ብቻ ነበረች። በየእሑዱ ይደዋወሉ ነበር፤ እኔም ከጎን ሆኜ ሰላምታ አቀርብ ነበር።

ማቲልዴ በዚያን ጊዜ አዎ የሚለውን ቃል ትለቅም ነበር። ሰው በየቋንቋው ሲስማማ የሚያወጣውን ድምፅ ሰብስባ ትልቅ ሥራ ልትሠራ ፈለገች። «እሺ ያለ ሰው ሁሉ ከራሱ አንድ ነገር ሰጥቷል። ምን እንደሰጠ ድምፁ ላይ ይሰማል» ትል ነበር። እናም አንድ እሑድ ግሮሩድ ወደሚሰበሰበው የእኛ ቤተ ክርስቲያን ይዣት ሄድኩ። ከጸሎት በኋላ እትዬ አስናቀች የሚባሉ፣ ዕድሜ ልካቸውን በነርስነት የኖሩ እናት ፊት ተቀመጠች። እኔ አስተረጎምኩ።

«እትዬ፣ ድምፅዎን ልትቀዳ ትፈልጋለች። ፈቃድዎ ነው?»

እትዬ አስናቀች ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ አደረጉ።

ማቲልዴ ከወንበሯ ተነሳች። «ውሃ! ውሃ አምጣላት እንጂ፣ ምን ትቆማለህ!»

«ምን ሆነች ይቺ ሴትዮ?» አሉ እትዬ አስናቀች።

«ያመምዎት መስሏት ነው፣ እትዬ።»

«እኔን? እሺ አልኳት እኮ! እንዲያውም ጮክ ብዬ ነው ያልኳት!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ማቲልዴ ብቻ አልሳቀችም። ሲገባት ቀስ ብላ መነጽሯን አወለቀች። «ድገሚልኝ በላት» አለችኝ። ከዚያን ቀን በኋላ በባን ባቡርና በአውቶቡስ፣ በፉሩሴት ገበያ ማዕከል፣ በሐኪም ቤት ወረፋ ላይ ጆሮዋን አቁማ ስትዞር ኖርዌጂያውያኑም ያንኑ እንደሚያደርጉ ደረሰችበት። ተደንቃ ልትሞት ነበር። «እኛ እሺታን ወደ ውጭ ነው የምንወረውረው። እናንተና እነዚህ ነጮች ግን ትውጡታላችሁ! ማን ያገናኛችሁ?» የሌሎቹን ቋንቋዎች ሁሉ ትታ ሥራውን በዚህች ትንፋሽ ብቻ ልትሠራው ወሰነች። ስሙንም «ወደ ውስጥ» አለችው።

በሥራ ዘመኔ እንደነዚያ ዓመታት የተደሰትኩበት ጊዜ የለም። ዕድሜዬን ስጠርገው የኖርኩትን ትንፋሽ አሁን እየለቀምኩ ነበር። የእትዬ አስናቀችን፣ የባን ተቆጣጣሪውን፣ የቶሪልን፣ የምሕረትን። የምሕረት ትንፋሽ የቱ አገር እንደሆነ ማቲልዴም ልትለየው አልቻለችም። አንዱ ትንፋሽ ደረቅ ነው፣ አንዱ ምራቅ አለበት፣ አንዱ ከመሳቡ በፊት ከንፈር ሲላቀቅ ይሰማል። ማጉያዎቹን አድማጩን ከበው እንዲቆሙ አደረግን፤ ትንፋሹ ከኋላ ተነስቶ በአናት ላይ ያልፋል። ሲደጋገም ባሕር ዳር የቆምክ ይመስልሃል። እሷም ከብዛቱ ተለክፋ ነበር። «ሾርባ ልጨምርልሽ?» ስትባል ትንፋሿን ሳብ ታደርግና አይታኝ ትስቃለች። ይህን ሳቋን በኋላ ብዙ ጊዜ አስታውሼዋለሁ፤ ምስክር አድርጌ ስለያዝኩት።

ሥራው ከመጨረሻው በቀር አለቀ። ማብቂያው ላይ ትንፋሾቹ ሁሉ ባንድነት እየበዙ፣ እየጎሉ መጥተው አዳራሹን ሞልተው በድንገት ይቆማሉ። እኔ እጅግ ወደድኩት። ቶሪልም ስትሰማ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ማቲልዴ ግን መነጽሯን አላወለቀችም።

«ውሸት ነው» አለች። «ለጭብጨባ የተሰፋ መጨረሻ ነው። አባቴ እንዲህ ያለውን ኮት መስኮት ላይ ይሰቅለው ነበር እንጂ ለሰው አይሸጠውም።»

«ታዲያ ምን ይሁን?»

«መጣ መጣ እያለ ነው። ሲመጣ እነግርሃለሁ። እስከዚያ ማንም አይስማው።»

እኔም እሺ አልኳት። በትንፋሽም በቃልም።

ክረምቱ ሲጠነክር አንድ ቀን ጠዋት ደውዬ አላነሳች አለች። ደም አንጎሏ ውስጥ ፈሶ ነበር። ከሆስፒታል ወጥታ የታመሙ አረጋውያን ወደሚጦሩበት ሲከየም ገባች። ቀኝ እጇ ደከመ፣ ንግግሯም ተያዘ። ንግግር የምታለማምዳት ባለሙያ፣ ቃላቱ ውስጥ እንዳሉ፣ የሚወጡት ግን ዘግይተው እንደሆነ ነግራን ነበር። እውነትም ነበር። «ሃቫና» ለማለት ስትፈልግ ፊቷ ላይ ቃሉ ሲመጣ ይታያል፤ እስኪደርስ ግን ከደጅ እስከ መኝታ ቤት እንደሚመላለስ ሰው ይቆያል።

የ«ወደ ውስጥ» ቀን ግን ደርሶ ነበር። ትኬት ተሽጧል፣ እንግዶች ተጠርተዋል። ቶሪልን አልወቅሳትም፤ ሥራው ሳይሰማ፣ ማቲልዴም ሳትሰማው እንዳይቀር ፈርታ ነው። እኔም ፈርቼ ነበር። ግን ያለ ማቲልዴ ፈቃድ አይሆንም አልኳት፤ ቶሪልም ልክ ነህ አለች። ስለዚህ ሁለታችን ልንጠይቃት ሄድን። እንደ ልማዴ መቅጃዬን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀምጬ መጀመሪያ ባዶውን ክፍል ቀዳሁ። ማሞቂያው ይንጣጣል፣ ኮሪደሩ ላይ የጋሪ ጎማ ይሄዳል። ማቲልዴ መቅጃውን አየችና በግማሽ ፊቷ ፈገግ አለች።

አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። «ማቲልዴ፣ አዳራሹ ተዘጋጅቷል። መጨረሻው እንዳልተስማማሽ አውቃለሁ። እንዳለ እናሰማው?»

ዓይኗን ከዓይኔ አልነቀለችም። ከዚያ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ አደረገች። አጭር፣ ጥርት ያለች ትንፋሽ። እትዬ አስናቀችም ከዚያ የጠራ አልሰጡንም።

እኔና ቶሪል ተያየን። አንድ ሐበሻና አንዲት ኖርዌጂያዊት፤ ለዚህ የሚሆን ጆሮ ከኛ በላይ ከየት ይመጣል?

«እግዚአብሔር ይመስገን!» አልኩ፣ በአማርኛ።

«ያ አለች! ታክ፣ ማቲልዴ፣ ታክ፣ ታክ!» አለች ቶሪልም እያመሰገነችና እያለቀሰች። ማቲልዴ ደህና እጇን ከብርድ ልብሱ ከፍ አደረገች። ቶሪል ያዘችውና ሳመችው። እኔ መቅጃዬን አጠፋሁና ማጉያዎቹን ልሰቅል ሮጥኩ።

በዚያው ሳምንት ደሙ እንደገና ፈሰሰባት፤ የቀሩትን ቃላት ጠራርጎ ወሰዳቸው። ሐኪሞቹ ግን ለአንድ ምሽት እንድትወጣ ፈቀዱና በተሽከርካሪ ወንበር አምጥተን ከድምፅ ማደባለቂያው አጠገብ፣ እኔ ጎን አስቀመጥናት። ጫማዋን አወለቅኩላት፤ በካልሲ ወለሉን እንድትሰማ። ሥራው ሄደ፣ ትንፋሾቹ በአናታችን አለፉ፣ መጨረሻው መጣ፣ ሞላ፣ ቆመ። ሕዝቡ ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ። እንደዚያ ያለ ጭብጨባ በዚያ አዳራሽ ሰምቼ አላውቅም።

ዞር ብዬ አየኋት። መነጽሯ ዓይኗ ላይ ነው።

እጇ ስለማይታዘዛት ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ግራ እጇ ግን ይታዘዛት ነበር፤ በዚያው እጇ የወንበሩን ክንድ ጨብጣ ነበር። በረዶው ሲቀልጥ ሞተች። ቀብሯ ላይ ኖርዌጂያውያኑም፣ የግሮሩድ ምእመናንም ነበሩ። እትዬ አስናቀች «ነፍሷን ይማር፣ ደግ ሴት ነበረች፣ አስሜን ልታክም የተነሳች» ብለው በእንባ መካከል አሳቁን።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን የሥራ ዓመታት ከዚያች ያልወለቀች መነጽር ጋር ነው የኖርኩት። ውስጤ ሲነዝረኝ «እሺ ብላለች፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ» እለዋለሁ። ሾርባ ላይ የምትቀልደውን አስታውሰዋለሁ። በስድስት ሰባት ዓመት ሥራ ትንፋሻችንን ለምዳዋለች፣ የእኛ ሰው ሆናለች እላለሁ። በዚህ ተደግፌ ቆየሁ፤ ደህና ድጋፍ ነበር።

ጆሮዬ መሄዱን ከተነገረኝ በኋላ፣ የጡረታዬም ጉዳይ ካለቀ በኋላ፣ አንድ ቀን የቆዩ ቅጂዎችን ከፈትኩ። ምን ያህል እንደቀረልኝ ልፈትን ብዬ ነው። የሲከየሙን አወጣሁ። ማሞቂያው አለ፣ የጋሪው ጎማ አለ፣ የእኔ ጥያቄ አለ። ከዚያ ባዶ። ከዚያ የእኔ «እግዚአብሔር ይመስገን»። ትንፋሿ የለችም። ኮምፒውተሩ ላይ ሳይ ግን አለች፤ እንደ ስንዴ ዘለላ ቀጥ ብላ ቆማለች። ምሕረትን ጠራኋትና ማዳመጫውን ሰጠኋት።

«ምን ትሰሚያለሽ?»

ሁለቴ ሰማችው። «ፓፓ፣ ሄልት ክላርት ነው። ‘ያ’ ነው ያለችው። ምን ያጠራጥራል?»

ልጅቷ ኖርዌይ ተወልዳ እኛ እጅ ያደገች፤ ከሁለት ወገን የሰማችው ይህንኑ ነው። ሌላ ምን ልትሰማ ኖሯል? ያኔ ነው የገባኝ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ያችን ትንፋሽ ያሰማሁት አዎን ለሚውጥ ሰው ብቻ ነው። ለአንድም ኩባዊ አሰምቼ አላውቅም።

ለካሪዳድ ላክሁላት። እህቷ ካረፈች ወዲህ በዓል ሲሆን እንደዋወል ነበር። ኢንተርኔት የሚያዘው መናፈሻው ውስጥ ስለሆነ እዚያ ሄዳ፣ ከልጆችና ከዶሚኖ ተጫዋቾች መካከል አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሰማችው። ምን እንደምፈልግ አልነገርኳትም። የእህትሽ ድምፅ ነው፣ ስሚው ብቻ ነው ያልኳት። መልሳ ስትደውል እያለቀሰችም እየሳቀችም ነበር።

«ድምፅ ነው ያልከኝ፣ ተናግራ መስሎኝ!» አለች። «ትንፋሿ ብቻ ነው። ግን እሷው ናት፤ ከሺህ ሰው መካከል እለያታለሁ። ከሕፃንነቷ ጀምሮ እንዲህ ናት። ረጅም ነገር ልትናገር ስትል መጀመሪያ እንዲህ ትንፋሿን ትስባለች፣ ከዚያ እጇን ታነሳለች፣ ማንም እንዳያቋርጣት። አባባ ‘ዝም በሉ፣ ልትጀምር ነው’ ይለን ነበር።»

ማቲልዴ እጇን ከብርድ ልብሱ ከፍ ስታደርግ፣ ቶሪልም ይዛ ስትስመው ይታየኝ ነበር።

«ታማራ» አለች ካሪዳድ። «ቅጂው እዚህ ላይ ተቆርጧል። ከዚያስ ምን አለች?»

የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል፤ እኛ ያፈሰስነው የሚለቀም አልነበረም። መጨረሻው መጥቶላት እንደነበር ወይም እንዳልነበር፣ እሺ ልትል ወይም እምቢ ልትል እንደነበር እንግዲህ የሚነግረኝ የለም። ለካሪዳድ መስመሩ መጥፎ ነው፣ መልሼ እደውላለሁ አልኳት።

ከዕቃ ቤት የቀረችኝን ባዶ ክር አወጣሁ። ኮምፒውተሩ ላይ ከትንፋሿ ማብቂያ እስከ እኔ ድምፅ መጀመሪያ ያለውን አየሁና፣ እንደ ድሮው ያን ያህል ክር ቆርጬ ክንዴ ላይ ዘረጋሁት። ከክርኔ ተነስቶ፣ ሁለት ክንድ ቀርቶ፣ የክንዴን ግማሽ አልደረሰም።